ለገባ ሁሉ የሚነሱት

ፒያሳ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢዩኤል፣ ካለህበት ኢስታንቡል ይድረስህ።

ሰላምታዬን ባሳጥረው አትቀየመኝ። ረጅሙን አባባ ይዘውልህ ይመጣሉ። የዶሮ ማነቂያን ጎረቤት ሰላምታ አንድ በአንድ ሳያደርሱ ሻይ እንኳ እንደማይቀምሱ ታውቃለህ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ቪዛቸው ወጥቷል፣ ቲኬቱም በእጄ ነው። አይ፣ አልታመሙም። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ «ከእኔ ልብ ይሻላል» ብሏል። አንተ የመኖሪያ ፈቃድህ እስኪታደስ ከዚያ መውጣት ስለማትችል እሳቸው ይምጡ ማለትህ ትክክል ነው። ዘጠኝ ዓመት ለአንድ አባት ይበዛል። ለምን አትደውይም ላልከው ደግሞ፣ አዲሱ ሱቄና የረይሀና ሱቅ የሚለያዩት በአንድ ኮምፔርሳቶ ነው። እኔ እዚህ ሳስነጥስ እሷ ከወዲያ ሆና «ይማርሽ» ትለኛለች። የቤታችንን ጉዳይ ለጨርቅ ገዢ ሁሉ ከማሰማ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ብልክልህ ይሻለኛል። አንተም እንደዚያው አድርግ።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፒያሳን መንገደኛ ሲያለብሱ ኖረዋል። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው እኛ ጋ መጥቶ ከነሰደርያው ሱፍ ያሰፋ ነበር። ያ ሰውዬ ሱፉ እንዳይጨማደድ አውሮፕላን ላይ ጀርባውን ሳያስደግፍ ሄዶ፣ ሲደርስ ገና ከበሩ ላይ «አዲስ ገቢ ነኝ» ብሎ የጮኸ ያህል ይታወቃል። ከዚያ ባለታክሲው እጥፍ ያስከፍለዋል፣ ደላላው ይከተለዋል። እኛ ራሳችን በድሮው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስናደርግ የኖርነውን ረሳኸው? አባባ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ይሄ ከየት ነው?» ሲሉ፣ አንተ በጫማው እኔ በቦርሳው እንገምት ነበር። ቦርሳውን ሆዱ ላይ የታቀፈው ሌባ ተጠንቀቅ ተብሎ የመጣ ነው። ማኪያቶ ሊጠጣ የተራራ ጫማ ያደረገው ጀርመን ነው። ሽቅብ ሰገነት እያየ ሰው የሚገጨው ሽማግሌ፣ አያቱ እዚህ ቤት የሠራ ጣሊያን ነው። ውሃ በእጁ ይዞ፣ የአገር ልብስ በአዘቦት ቀን ለብሶ የሚዞረው ደግሞ የራሳችን ልጅ ነው፤ ከውጭ የመጣ። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም፣ ወይም ማናችንም ተከትለን ጠይቀን አላረጋገጥንም።

ስለዚህ አባባን ማንም እንዳያውቃቸው አድርጌ ነው የምልክልህ። ግራጫ ጃኬት፣ ጂንስ ሱሪ፣ ነጭ ስኒከር፣ የወፍ ሥዕል ያለበት ኬፕ። ቡናማው ሱፋቸውና ባርኔጣቸው እዚሁ ማንጠልጠያው ላይ ቀርተዋል። «ስንቱን አልብሼ ሸኝቼ እኔ እንደ ጎረምሳ ልሂድ?» ብለው ተቆጥተዋል። ጋቢያቸውንም አስቀርቼባቸዋለሁ። ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆመው ራሳቸውን ብዙ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ ሰውዬ ከየት ነው?» አሉኝ። እኔና ረይሀና በሳቅ ሞትን።

አንድ አደራ አለኝ። መንገድ ስትወጡ እጃቸውን ያዝ። ለምን አትበለኝ፤ እዚያ አገር መኪና የሚመጣው በተቃራኒው በኩል ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

እህትህ ጥሩነሽ


ኢስታንቡል፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩነሽ፣

አባባ በሰላም ገብተዋል። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ሌላውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

አዎ፣ አየር ማረፊያው በሰዓቱ ደርሻለሁ። ታዲያ ለምን ቆያችሁ ላልሽው፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ አባባን ነው። መውጫው በር ላይ ቆሜ ሰው ሳይ፣ ኬፕ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በዊልቸር እየተገፉ ሁለት ጊዜ በፊቴ አለፉ። እኔም በልማዴ «ይሄ ከየት ነው?» ብዬ ገመትኩ። ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው፣ ከአንዱ ደሴት የመጣ ይሆናል አልኩ። ልብሱን አስቀድመሽ ነግረሽኛል፣ ግን ዓይኔ ቡናማ ሱፍና ባርኔጣ መፈለጉን አልተወም። በሦስተኛው መርከበኛው ከወንበራቸው ተነሱና «አንተ ልጅ፣ ቀጥ በል» አሉኝ። ልብስ ሲለኩኝ ጎበጥ የምለው ነገር እስካሁን ያናድዳቸዋል። እዚያው መሬት ላይ ተደፍቼ ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። የዘጠኝ ዓመቱ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ።

መኪናው እዚህም እንደ አገራችን በቀኝ ነው የሚሄደው፣ ማን እንዳወራሽ አላውቅም። ቢሆንም እጃቸውን እይዛለሁ።

ብርዱ ጎዳቸው ወይ ብለሻል። የሚያስቸግረኝ ብርዱ ሳይሆን ጉልላቱ ነው። ይህ ከተማ በየመንገዱ ጉልላት አለው፣ አባባ ደግሞ ጉልላት ባዩ ቁጥር ጊዮርጊስን እንደሚያልፉ ሁሉ ኬፓቸውን አውልቀው እጅ ይነሳሉ። መስጊድ ነው ስላቸው «የእግዚአብሔር ስም የሚጠራበት አይደለም ወይ?» ብለው ቀጠሉ። ከቤቴ ገበያ ድረስ ያለው አጭር መንገድ ግማሽ ቀን ወሰደብን። ሻይ ቤት ስንገባም አስተናጋጁን በጭብጨባ ጠሩት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን፣ አንዱማ በዓል መስሎት አብሮ አጨበጨበ።

ከየት እንደሆኑ ግን የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል። ባለሱቁ ሱዳን አለ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ሴኔጋል፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ብራዚል ብላ አብራቸው ፎቶ ተነሳች። እዚህ ሰፈር ያሉት የእኛ ልጆች እንኳ ሰላም ሳይሏቸው ነው የሚያልፉት። ሥራሽ ሠምሮልሻል፣ እጅሽ ይባረክ።

ጠዋት ከእኔ ቀድመው ይነሱና ጃኬታቸውን ለብሰው በሩ ጋ ቁጭ ይላሉ። ስነሳ «ሱቁን አንከፍትም እንዴ?» ይሉኛል። ቀልዳቸውን አሁንም አልተዉም።

ወንድምሽ ኢዩኤል


ፒያሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢዩኤል፣

መርከበኛ ማለትህን ለረይሀና ነግሬያት፣ ከትናንት ጀምሮ «ካፒቴኑ እንዴት ናቸው?» እያለች ነው የምትጠይቀኝ።

ስለ ጠዋቱ ነገር፣ አዎ፣ እዚህም አንዳንዴ ይሉታል። ዕድሜ ነው፣ ልማድም ነው። ብዙ አትመራመር። ሲሉህ «እሺ፣ እንከፍታለን» በልና ቁርሳቸውን ስጣቸው። አይ፣ የሚወስዱት መድኃኒት የለም። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቃቸውም ምንም አይደለም። አንተ ልጅ ሆነህ አንድ ነገር መቶ ጊዜ ስትጠይቅ ማን ሰለቸህ?

ሙዓዝ፣ ያ ከእኛ ፊት ለፊት መጋረጃ የሚሸጠው፣ በዚህ ወር ዕቃ ሊገዛ ወደ እናንተ ይመጣል። ምን ልላክላችሁ? በርበሬ ብቻ እንዳትለኝ። ባለፈው ሻንጣው ውስጥ ተፈትቶበት፣ ሲመለስ ያመጣውን መጋረጃ የገዛ ሰው ሁሉ ሲያስነጥሰው ከርሟል።

አንተ ሥራ ስትሄድ ቤት አብሯቸው የሚሆነው ማን ነው? ይህን ሳትመልስልኝ አትደር። በሩ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት መሆኑንም ንገረኝ። ፎቶም ላክ፣ ከሄዱ ወዲህ አንድ ደህና ፎቶ አላየሁም።

ጥሩነሽ


ኢስታንቡል፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጥሩነሽ፣

ሰሞኑን ዝም በማለቴ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አባባ ደህና ናቸው፣ አሁን ጋደም ብለዋል። ፎቶውን ያልላክሁልሽ የስልኬ ካሜራ ስለተበላሸ ነው። እኔ ሥራ ስሆን አብሮኝ የሚኖረው ገብረአብ አለ፣ ደህና ልጅ ነው።

አንድ ጨዋታ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ስንከራከር ነበር። እኛ እዚያ ፒያሳ እንግዳውን ስንገምት ኖርን፤ የእኛ አገር ሽማግሌስ በሰው አገር በምን ይታወቃል? ልብሱ እንደ ማንኛውም ሰው ልብስ ነው እንበል። ቋንቋውን የሚሰማ ሰውም በአጠገቡ የለም እንበል። ምን ሲያደርግ ያየ ሰው ነው «ይሄ የእኛ ነው» የሚለው? አንቺ በዚህ ጎበዝ ስለነበርሽ ጻፊልኝ። ትንሽ ነው ብለሽ የምትተዪው አይኑር።

በነገራችን ላይ ጃኬቱ እንዲያው ግራጫ ብቻ ነው ወይስ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው? ልብ ብዬ አላየሁትም። አድራሻዬንስ ኪሳቸው ውስጥ አድርገሽ ነበር? ዛሬውኑ ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።

ኢዩኤል


ፒያሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢዩኤል፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አስቀድሜ ጨዋታህን ልመልስልህ፣ ጨዋታ ነው ብለሃልና።

የእኛ ሰው ሲጨብጥ በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ይደግፋል፣ ወገቡንም ሰበር ያደርጋል። «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ የማያውቅ ሰው የደነገጠ ይመስለዋል። ምግብ ፊቱ ካለ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፣ እምቢ ሲሉትም ይቀየማል። በር ላይ «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» እያለ መንገድ ይዘጋል። ሂሳብ ሲመጣ ጠብ እስኪመስል ድረስ «እኔ ልክፈል» ብሎ ይታገላል። ጉልላቱንና ጭብጨባውን አንተው ነግረኸኛል። ጃኬቱ ግራጫ ብቻ ነው፣ ጀርባው ላይ ምንም የለም። አድራሻህን በወፍራም ወረቀት ጽፌ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርጌ ነበር። በልማድ የከተትኩት ግን የሱፋቸው ደረት ኪስ ውስጥ ነው። ሱፉ ደግሞ ይኸው ከፊቴ ተንጠልጥሏል።

ኢዩኤል፣ አባባ የት ናቸው?

አትዋሸኝ። አባባ በጠራራ ፀሐይ ተኝተው አያውቁም። ካሜራህ ተበላሽቶ ከሆነስ ይህን ደብዳቤ ፎቶ ያነሳኸው በምንድን ነው?

ልቆጣህ አልችልም፣ እኔም ደብቄሃለሁና። አባባ ይረሳሉ። ከጀመራቸው ዓመት አልፏል። ፒያሳ ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ፣ ሰዉ ሁሉ የገዛ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ «የት ነው ያለሁት?» ይል ነበር። ሁሉም በጠፋበት ሰፈር የእሳቸው መጥፋት ለማን ይታያል? አንድ ቀን ከሱቅ ወጥተው ቀሩብኝና ውቤ በረሃ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፒያሳ ስለተለወጠባቸው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለአንተ ብነግርህ ደግሞ እንዳይመጡ ታደርጋለህ ብዬ ፈራሁ። ጭራሽ ሳይረሱህ እንዲያዩህ ፈልጌ ነበር። መስታወቱ ፊት «ይሄ ሰውዬ ከየት ነው?» ያሉትን እንደ ቀልድ ጻፍኩልህ። ቀልድ አልነበረም። ረይሀና ስትስቅ አብሬያት ሳቅሁ እንጂ ፊታቸውን አይቻለሁ።

ማልቀሱን ለኋላ እናቆየውና አሁን ስማኝ። ግራጫ ጃኬት የለበሱ ሽማግሌ ብለህ ብትፈልግ አታገኛቸውም፣ ከተማው ሙሉ ግራጫ ጃኬት ነው። የእኛ ልጆችም አይተዋቸው ይሆናል፣ ግን በዚያ ልብስ ማን የእኛ ናቸው ይላል? ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንድ ያላወለቅሁባቸው ነገር ግን አለ። ያን ቀን ውቤ በረሃ ስደርስ ፀጉር አስተካካዩ ምን አለኝ መሰለህ? «እባክሽ ውሰጂያቸው፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ብድግ ስለሚሉ ሰዉ ተሳቀቀ» ነው ያለኝ። ባንክም ስንሄድ እንደዚሁ ናቸው። በር ተከፍቶ ሰው ከገባ ከወንበራቸው ተነስተው «ኖር» ይላሉ። ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ የሚያውቁትም ይሁን የማያውቁት አይለዩም። ስሜን የረሱበት ቀን አለ፣ ይህን ግን አንድም ቀን ረስተው አላየሁም።

የሐበሻ ልጆች የቴሌግራም ቡድን አለን ብለኸኝ ነበር። ልብሱን ተወውና እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ ለገባ ሁሉ ከመቀመጫቸው የሚነሱ ሽማግሌ ያየ ሰው ይንገረን። ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅበትን ቦታ ሁሉ እዩ፣ ሆስፒታሉን፣ የአውቶቡስ ጣቢያውን፣ ሻይ ቤቱን። ሲደክማቸው ወንበር ያለበት ነው የሚገቡት።

ከዚያ ደውልልኝ። ረይሀና ትስማ፣ ፒያሳ በሙሉ ይስማ።

እህትህ ጥሩነሽ


ኢስታንቡል፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

አባባ ይኸው ከጎኔ ናቸው፣ ዳቦ በማር እየበሉ ነው። ትናንት በስልክ ሁለታችንም ከማልቀስ በቀር ምንም ስላልተነጋገርን አሁን በሥርዓት ልጽፍልሽ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ትናንት ማታ ነው የገባኝ፤ ደረጃውን በእጄም በእግሬም ነው የወጣሁት።

እንዴት ወጡ ላልሽው፣ ገብረአብን አትቆጪው። ሻወር ገብቶ ሲወጣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሳቸው የሉም። ሱቅ ሊከፍቱ ነው የወጡት። መንገዱን ተከትለው ባሕሩ ድረስ ሄደው፣ ሲደክማቸው የጀልባ መጠበቂያ አዳራሽ ገብተው ተቀምጠዋል። ፖሊስ ግራጫ ጃኬት ብለን ነግረነው ግራጫ ጃኬት ሲያስቆም ውሏል። እኔም በዚያ አዳራሽ በር አልፌያለሁ። በመስታወቱ አይቼ ሰው ስለበዛ ትቼው ሄድኩ።

ያገኘቻቸው ዳናይት ትባላለች፣ የመቀሌ ልጅ ናት፣ እዚያ አዳራሽ በጽዳት ነው የምትሠራው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ከገባች ጀምሮ አይታቸዋለች። ሱዳናዊ መስለዋታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ሲሉ ደግሞ ወገባቸውን የሚያማቸው መስሏት አዝናለች። ጥበቃውም ጀልባ ያመለጣቸው መስሎት ከበሩ ራቅ አድርጎ አስቀምጧቸው ነበር፣ ተመልሰው እዚያው በሩ ጋ ተቀመጡ። ሻይና ዳቦ የሰጣቸው እሱ ነው፤ ዳቦውን ግማሹን መልሰው ለእሱ አጎረሱት። ኋላ ዳናይት ለዕረፍት ስትወጣ ቡድኑ ላይ የጻፍኩትን አነበበች። አንቺ ያልሽኝን አንድም ቃል ሳልቀይር ነው የጻፍኩት።

ወደ እሳቸው በቀጥታ አልሄደችም። የሥራ ካፖርቷን አውልቃ፣ በሌላው በር ወደ ውጭ ወጥታ፣ እንደ እንግዳ በፊት ለፊቱ በር ገባች። አባባ ተነሱላት። ድምፃቸውን ያልሰማ ሰው ከሩቅ መነሳታቸውን ብቻ ነው የሚያየው፣ እሷ ግን ቀረብ ብላ ሰማች።

«ኖር፣ ልጄ» አሏት።

«በእግዚአብሔር አባቴ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው።

ሙሉ ቀን ሲነሱ ውለው ያን መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ዳናይት እንደነገረችኝ፣ በሁለት እጃቸው እጇን ይዘው ቆመው ቀሩ፣ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና ተቀመጡ። እኔ እስክደርስ እጇን አልለቀቁም። ሥራዋን ትታ አብራቸው ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ አለቃዋ መጥቶ ተቆጥቷት ነበር፣ አባባ ለእሱም ተነሱለት፣ ትቷቸው ሄደ።

እኔ ስገባም ተነሱ። «ኖር» አሉኝ፣ እኔም «በእግዚአብሔር» አልኩ። ልጃቸው መሆኔን አውቀው ይሁን እንደ ማንኛውም ገቢ ቆጥረውኝ፣ አልጠየቅኋቸውም። ዳናይትን «ይሄ ልጅ ደክሞታል፣ ቦታ ስጪው» ነው ያሏት። ከዚያ ወዲህ ስሜን አልጠሩም። አንዳንዴ ልጄ፣ አንዳንዴ ጌታው ይሉኛል። ይህንን ልደብቅሽ አስቤ ነበር፣ ግን መደበቅ ይብቃን።

ኬፑ የለም። የጣሉት ይመስለኛል።

ኢዩኤል


ፒያሳ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢዩኤል፣

አይ፣ አልተቆጣሁህም። ብቆጣህ ኖሮ ደውዬ ነበር።

ሙዓዝ ነገ ይነሳል። ቡናማውን ሱፍ፣ ባርኔጣውንና ጋቢውን ሻንጣው ውስጥ አስቀምጫለሁ። በአንዱ ኪስ የአንተ አድራሻ አለ፣ በሌላው የእኔ፣ በሰደርያው ደግሞ የረይሀና፤ የእኔስ ብላ ሙጭጭ ስላለች ነው። ሙዓዝ ሲመለስ አባባ አብረውት ይምጡ። እስከዚያ አንተም ጥገባቸው፣ ጉልላቱንም እጅ ይንሱ፣ ያጨብጭቡም። የሚያፍር ሰው ካለ እሱ ይፈር።

ለዳናይት ቀሚስ ልሰፋላት ነው። ቁመቷንና የትከሻዋን ስፋት ላክልኝ፣ በግምት ሳይሆን በሜትር ለክተህ። የአለቃዋንም ስም ጠይቅልኝ፣ በጸሎት ላስበው ነው፣ ትቶላቸው በመሄዱ።

ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ስሜን በረሱበት ቀን እኔም ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ወጥቻለሁ። በማግስቱ ጠርተውኛል። ታገሥ። ይህን የምጽፍልህ ግን እኔም ፈርቼ ነው። ቦሌ ላይ ሲያዩኝ «እቴ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ቢሉኝ ምን እንደምመልስ እስካሁን አላውቅም።

ጥሩነሽ


ፒያሳ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢዩኤል፣

አባባ በሰላም ገብተዋል። ይህን ቀድሜ መጻፍ የተማርኩት ከአንተ ነው።

አዎ፣ ረይሀናም ሱቋን ዘግታ አብራኝ ሄዳለች። አበባም ገዝታ ነበር፣ በደስታ ስትጨብጠው ግማሹ ረገፈ። መውጫው በር ላይ ሰው ታጭቋል፣ ግን እሳቸውን ለመፈለግ መንጠራራት አላስፈለገኝም። ቡናማ ሱፍ፣ ሰደርያ፣ ባርኔጣ፣ ጋቢው በትከሻቸው ላይ ጣል ብሎ፣ ሙዓዝ በዊልቸር እየገፋቸው ከሩቅ ታዩኝ። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ለጓደኛው «እኚህ ፋዘር የፒያሳ ናቸው» ሲለው ሰማሁ። አገራቸውን ብቻ ሳይሆን ሰፈራቸውን አወቀ። ዞሬ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ እርምጃዬን ቀነስኩ። ሙዓዝ ከአውሮፕላን ወርዶ በደወለ ጊዜ መንገዱን ሙሉ «ሱቁ ጋ ደረስን?» እያሉ መምጣታቸውን ነግሮኛል፣ የማንንም ስም አለመጥራታቸውንም ሳልጠይቀው ነግሮኛል። ወደ እሳቸው ስቀርብ አዩኝና ከወንበሩ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው «ኖር» አሉ። ያገኘልን ቃል እሱ ነው፣ እኔው ነኝ እሱን ፈልግ ያልኩህ። ያን ጊዜ ግን የምሰማው በጣም ያስፈራኝ ቃል ሆነ፣ ለማያውቁት ሁሉ የሚሉት ነውና።

«በእግዚአብሔር አባባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

አልተቀመጡም። ፊቴን አዩኝ፣ አዩኝ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሱፋቸው እጅጌ መለሱ። የተጨማደደውን በጣታቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ጥሩዬ፣ ይሄን ሱፍ በሻንጣ አጣጥፈሽ የላክሽው አንቺ ነሽ? ሱፍ በማንጠልጠያ ነው የሚሄደው ብዬ ስንት ጊዜ አስተማርኩሽ?»

እኔ ነኝ አልኳቸው። ረይሀና ሳቀች፣ በዚህኛው ጊዜ እኔም ፊታቸውን እያየሁ ሳቅሁ፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር። እንባዬን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግሁት፣ ለዚያም ተቆጡኝ። ያንተን ነገር ስጠይቃቸው «ኢዩኤል ጎብጧል፣ ቀጥ በል በይው» ብለውኛል። ስምህን አልጨመርኩበትም፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት።

ነገ ሊረሱት ይችላሉ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ፣ የሚለኝንም አልደብቅህም።

ዛሬ ጠዋት ሱፋቸውን አስተኩሰው፣ ለብሰው፣ በሩ ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ሱቁን አንከፍትም እንዴ?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አብረን ሄደን ከፈትን።

እህትህ ጥሩነሽ